በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም

"የት ላይ ነው የሚያምሽ?" አሉኝ ሐኪሟ። መዳፌን ዘርግቼ ቅልጥሜን ከላይ እስከ ታች ላሳያቸው ስል አስቆሙኝ። "እንደሱ አይደለም። በአንድ ጣት አሳዪኝ።"

አንድ ጣት በቃኝ። በግራ ቅልጥሜ የውስጥ ጠርዝ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ቦታ ነበር። ጫን ሳደርገው ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ምንም ዓይነት ምርመራ ሳይታዘዝ የሐኪሟ ፊት ነገሩን ነገረኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።"

"በነዚህ ሦስት ሳምንታት ስንት ቀን ሮጠሻል?"

14 ቀን። የምሮጠውን ሁሉ ደብተር ላይ ስለምይዝ ቁጥሩን በቃሌ አውቀው ነበር። ርቀቱን፣ ሰዓቱን፣ የልብ ምቴን፣ የጫማዬን ዕድሜ ሳይቀር እጽፋለሁ። ሕመሙን ግን አንድም ገጽ ላይ አልጻፍኩትም። ከጻፍኩት እውነት ይሆንብኛል ብዬ ሳልፈራ አልቀረሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ኖሯል። ሰውነት "በቃኝ" ሲል መቼ ነው የሚታመነው? መቼስ ነው "ትንሽ ቆይ" የሚባለው? ስፖርት የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ሯጭም ይሁን ክብደት አንሺ ወይም ዋናተኛ፣ ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይመልሰዋል። ብዙዎቻችን የምንመልሰው ግን በዚያ ቀን በተነሣንበት ስሜት ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ነገሩ ሲጀምር ሕመም የሚባል አልነበረም። ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ሳለ ሳምንታዊ ርቀቴን በአምስት ሳምንት ውስጥ ከ30 ኪሎ ሜትር ወደ 52 ከፍ አድርጌው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሩጫው ካለቀ በኋላ ብቻ ቅልጥሜን ቆርቆር ያደርገኛል፤ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ይተወኛል። በሁለተኛው ሳምንት ከሩጫው አጋማሽ ጀምሮ ይመጣ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው እርምጃ አንስቶ አብሮኝ ወጣ፤ ማታም አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ እግሬ ምንም ሸክም ሳይኖርበት ይጠዘጥዘኝ ነበር። ዛሬ ይህን ቅደም ተከተል ሌላ ሰው ቢነግረኝ ጫማውን ከእጁ ነጥቄ አስቀምጥበታለሁ። ያኔ ግን ለእያንዳንዱ ደረጃ ማብራሪያ ነበረኝ፦ ጫማው አርጅቷል፣ መንገዱ ጠንካራ ነው፣ አላሟሟቅኩም፣ ትናንት በደንብ አልተኛሁም።

ከማብራሪያዎቹ ሁሉ ሥር ደግሞ እልህ ነበር። ስለዚህ ቃል ብዙ አስቤያለሁ። "ጸናሁ" ስንል ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ አድራጊዋ እኔ ነኝ። እልህ ላይ ግን "እልህ ያዘኝ" ነው የምንለው። ያዢው እሱ፣ የተያዝኩት እኔ። ቋንቋው ከኔ ቀድሞ ያወቀው ነገር ያለ ይመስለኛል። እልህ ሁልጊዜ ተፎካካሪ ይፈልጋል፦ ባለፈው ዓመት የቀደመችኝን ሴት፣ "አትችዪም" ያለኝን ሰው፣ አንዳንዴም የራሴኑ ደብተር። ጽናት ግን የሚፈልገው ዓላማ ብቻ ነው፤ ዓላማው ነገም የሚቆይ ከሆነ ዛሬ ማረፍ አያዋርደውም። በእነዚያ 14 ቀናት ጽናት ነው ብዬ ያሞገስኩት በእርግጥ እልህ ነበር። ልዩነቱን ያወቅኩት አንድ ነገር ራሴን ስጠይቅ ነው፦ ማንም ባያየኝ፣ የትም ባልመዘግበው፣ ዛሬ በዚህ እግር እሮጥ ነበር? መልሱ "አልሮጥም" ነበር።

በማግኔት የሚነሣው ምስል፣ ኤምአርአዩ፣ የሐኪሟን ግምት አረጋገጠ። በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ነው። ቀድሞ የተነሣው ራጅ ላይ ምንም አልታየም ነበር፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ብዙ ሰው "ራጁ ንጹሕ ነው" ተብሎ ተመልሶ ሲሮጥ ይሰበራል። ይህን ያነበበ ሰው ቢያንስ ይህችን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ሐኪሟ ያስረዱኝ ነገር የስፖርት አስተሳሰቤን ከሥሩ ለወጠው። አጥንት እንደ ድንጋይ ደርቆ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ስንሮጥ በየእርምጃው ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ያኔ አንድ ዓይነት ሕዋሳት መጥተው የተጎዳውን ክፍል ይበሉታል፤ ሌሎች ደግሞ ተከትለው አዲስ ይገነባሉ። የማፍረሱ ሥራ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ የመገንባቱ ግን ወራት። ስለዚህ ልምምዱ በድንገት ሲጨምር መሃል ላይ አጥንቱ ከመጀመሪያውም የሳሳበት ጊዜ አለ። ልብና ደም ግን ሌላ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። የደማችን ፈሳሽ መጠን ልምምድ በጀመርን በቀናት ውስጥ ይጨምራል፤ በጥቂት ሳምንታትም ትናንት ያስተነፈሰን ዳገት ይቀልለናል። ጅማትና አጥንት ገና እንቅልፍ ላይ ሳሉ ትንፋሻችን "እንሂድ፣ እንሂድ" ይላል። በጣም ደስ ብሎን የምንሮጥበት፣ አቅማችን በየሳምንቱ የሚያስገርመን ያ ወቅት ነው አደገኛው። የምንጎዳው ስንደክም ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ የተጎዳሁት ግን በሕይወቴ ከሁሉ የተሻለ ብቃት ላይ በነበርኩበት ወር ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። "የወር አበባሽስ?"

ከቀረ አራት ወር ሆኖት ነበር። እውነቱን ለመናገር እፎይ ብዬ ነበር፤ የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑ ጭራሽ አልታየኝም። በዚህ ጉዳይ ላይ ዘለግ ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሴት ሯጮች እርስ በርሳችን እንኳ በደንብ አንነጋገርበትምና። የምንበላው ለምናቃጥለው ሳይበቃ ሲቀር ሰውነት ቁጠባ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ከሚዘጋቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። አብሮት ኢስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ይወርዳል፤ ኢስትሮጅን ሲወርድ አጥንት ጠባቂውን ያጣል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ሰፋ ያለ ስም ሲሰጠው ወንዶችንም ጨምሮ ነው፤ እነሱም በበኩላቸው ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንዶች ሆርሞናቸው ይወርዳል፣ አጥንታቸው ይሳሳል። እኔ ቅልጥሜን ብቻ ሳዳምጥ ሰውነቴ ግን ከአራት ወር በፊት ጀምሮ በሌላ በር ሲያንኳኳ ነበር። ይህን ምልክት ያየች ሴት "ጠንክሬ ስለሠራሁ ነው" ብላ እንዳታልፈው እለምናለሁ። ፍጥነት የሚቀነስበትና ሐኪም የሚታይበት ሰዓት ያ ነው።

ስምንት ሳምንት ሳልሮጥ ቆየሁ። ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀስኩ፣ ክንዴን አጠነከርኩ፣ አነበብኩ። ስለ ሕመም ዓይነቶች ያነበብኩትን በራሴ ሰውነት ላይ እያመሳከርኩ ተማርኩ።

ከልምምድ ማግሥት የሚመጣውን የጡንቻ መዛል ሁላችንም እናውቀዋለን። ደረጃ ስንወርድ ጭናችንን የሚያርደን እሱ ነው። ቴዎዶር ሃፍ የተባለ ተመራማሪ በ1902 በዝርዝር ጽፎበታል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ ይለቃል። የሚያመጣው ላክቲክ አሲድ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ደም ውስጥ የሚገኘው መልኩ፣ ላክቴት፣ ግን ሩጫው ባለቀ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል፤ የነገ ወዲያ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ጡንቻ እየተሳበ ሸክም ሲችል፣ በተለይ ቁልቁለት ስንወርድ፣ የሚደርስበት ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የጥገና ሥራ ነው። ይህ ሕመም ሰፊ ነው፤ በመዳፍ እንጂ በጣት አይጠቆምም። ብዙ ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ያለዝበዋል። በሱ ላይ ቀስ ብሎ መሥራት ይቻላል።

ጅማት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪሊስ ጅማት ሲታመም ጠዋት ከአልጋ ስንወርድ ገትሮ ይይዘናል። ወጥተን አሥር ደቂቃ ስንሮጥ ግን ይሟሟቅና ይጠፋል። "ይኸው ለቀቀኝ" ብለን 12 ኪሎ ሜትር እንጨርሳለን። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በጅማት ጉዳይ የሩጫው ሰዓት ምስክርነት አይታመንም፤ የሚታመነው የነገው ጠዋት ነው። በ2007 ካሪን ሲልበርናጌልና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት በጣም ረድቶኛል። የአኪሊስ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለሁሉም የማጠንከሪያ ልምምድ ሰጡ። ግማሾቹ ለስድስት ሳምንት ከሩጫና ከዝላይ ታቀቡ፤ ሌሎቹ ግን ሕመሙ ከ0 እስከ 10 በሚቆጥር መለኪያ 5ን እስካላለፈ፣ በማግሥቱ ጠዋት ረግቦ እስከተገኘና ከሳምንት ሳምንት እስካልጨመረ ድረስ እንዲሮጡ ተፈቀደላቸው። የሮጡት ካረፉት የባሰ ነገር አልደረሰባቸውም። "ትንሽም ካመመህ አቁም" የሚለው ምክር ለሁሉም ሕመም እንደማይሠራ ያወቅኩት ከዚህ ነው። ለአጥንት ግን ይህ ሂሳብ ፈጽሞ አይደረግም። አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ በየዕለቱ ቀድሞ የሚመጣ፣ ማታ የሚጠዘጥዝ ሕመም ካለ ቁጥር መስጠት አያስፈልግም፤ ማቆም ነው።

እዚህ ላይ ታሪኬ አልቆ ቢሆን፣ ትምህርቱ "ራስህን አድምጥ፣ አትግፋ" ሆኖ ይቀር ነበር። አላለቀም። ስምንቱ ሳምንት አልፎ፣ ዳግም የተነሣው ምስል አጥንቱ መግጠሙን አሳይቶ፣ ሐኪሟ "አሁን ሩጪ" ካሉኝ በኋላ የመጣው ችግር ከመጀመሪያው ረዘመብኝ። ፈራሁ።

ስድስት ወር ያህል አንድም ሩጫ በወጉ አልጨረስኩም። ባቴ ትንሽ ከተሳሳበ እመለሳለሁ። ትንፋሼ ከከበደ እቆማለሁ። ቅልጥሜን በቀን አሥር ጊዜ በጣቴ እጫናለሁ፤ ብዙ ስለጫንኩት ብቻ ያመኝ ጀመር። ለሰዎች "ሰውነቴን እያዳመጥኩ ነው" እላለሁ፤ ደግሞ አምኜበት ነበር። የማዳምጠው ግን ፍርሃቴን ነበር፤ ፍርሃት የጉዳትን ድምፅ አስመስሎ መናገር ይችልበታል። አንድ ቀን ለክትትል ስሄድ ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ዘረገፍኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ አጥንት ዕረፍት ብቻ አያጠነክረውም" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ሸክም የሌለበት አጥንት ይሳሳል። ጠፈርተኞች ክብደት በማይሰማቸው ቦታ ሲቆዩ ሰውነት ተሸካሚ ከሆኑት አጥንቶቻቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ጥግግት ያጣሉ። ጡንቻም ጅማትም እንደዚያው ነው፤ ካልተጠየቀ አይሰጥም። እኔ ራሴን ጠብቃለሁ ስል ለሚቀጥለው ጉዳት እያመቻቸሁ ነበር።

ስለዚህ መግፋትን እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ። መጀመሪያ ልረዳው የፈለግኩት ድካም ራሱ ምን እንደሆነ ነው። ድካም ማለት ነዳጅ ማለቅ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሲያልቅ ትቆማለህ። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ማንም ሰው በመጨረሻዋ 200 ሜትር ላይ ፍጥነት መጨመር ባልቻለ። ገና በ1920ዎቹ፣ ለኖቤል የበቃው አርቺባልድ ሂል ልብን ከጉዳት የሚጠብቅ አንድ ተቆጣጣሪ ሰውነት ውስጥ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቲም ኖክስ የተባለ ተመራማሪ ሐሳቡን አንስቶ፣ ተቆጣጣሪው አንጎል ነው፣ አቅም ሳይሟጠጥ አስቀድሞ ይገታናል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ አሁንም አለ። እኔን ያሳመነኝ ግን ሁለት ቀላል ሙከራ ነው። በ2004 በወጣ ጥናት ብስክሌተኞች ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጋልቡ፣ ጣዕም የሌለው የካርቦሃይድሬት ፈሳሽ በአፋቸው ተጉመጥምጠው እንዲተፉት ተደረገ። ጠብታ እንኳ ሆዳቸው ሳይገባ ወደ 3 በመቶ ፈጠኑ። ምግብ መምጣቱን አፋቸው ለአንጎል ስለነገረው ብቻ። በ2009 ደግሞ ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለ90 ደቂቃ አእምሮ የሚያደክም የኮምፒውተር ሥራ አሠርተው ብስክሌት ላይ አወጧቸው። በሌላ ቀን ያንኑ ያህል ጊዜ ፊልም አይተው ሲጋልቡ በአማካይ 754 ሰከንድ የቆዩት፣ አእምሯቸው ሲደክም 640 ላይ ተዉት። ልባቸውና ደማቸው ላይ ድካሙን የሚያስረዳ ልዩነት አልተገኘም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከብዷቸው ነበር፣ በቃ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ከሥራ ተሟጥጬ በምወጣባቸው ቀናት ስለ እግሬ የምሰጠውን ፍርድ ማመን አቆምኩ። በዚያ ሰዓት "አልችልም" የሚለው ድምፅ እውነተኛ ስሜት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ጡንቻዬ አይደለም። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያወጣው የጥረት መለኪያ ከ6 ይጀምርና 20 ላይ ያበቃል፤ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የጤናማ ወጣትን የልብ ምት እንዲቀርብ ታስቦ ነው። እኔ የምጠቀምበት በተቃራኒው መንገድ ነው። ቀላል በሆነ ፍጥነት ሰውነቴ "15" ካለኝና ሰዓቴ ላይ ያለው የልብ ምት እንደ ወትሮው 130 ከሆነ፣ የደከመው አእምሮዬ መሆኑን እገምታለሁና እቀጥላለሁ። በዚያው ፍጥነት የልብ ምቴ ከወትሮው በ15 ከፍ ብሎ ካገኘሁት ግን ሰውነቴ የሆነ ነገር እየተዋጋ ነው፤ ጉንፋን እየጀመረኝ፣ ወይም ከባለፈው ልምምድ ሳላገግም ቀርቼ፣ ወይም ሙቀቱ በርትቶ። ያኔ እቀንሳለሁ።

ከዚህ ሁሉ የቀረችኝ ልማድ አንዲት ናት፤ እስካሁን አላሳፈረችኝም። ሲከብደኝ አላቆምም፣ አልጨምርምም፤ ፍጥነቴን ለአሥር ደቂቃ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ማውራት እስከምችል ድረስ። ከዚያ ምን እንደሚመልስልኝ እጠብቃለሁ። ድካም ፍጥነት ሲቀንሱለት ይታረቃል። ትንፋሽ ይሰበሰባል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ጭን ይላላል፤ አንዳንዴ አሥሩ ደቂቃ ሳይሞላ ራሴን ሳላውቀው መልሼ ፈጥኜ አገኘዋለሁ። ጉዳት ግን አይታረቅም። በእያንዳንዱ እርምጃ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ብሶም ይመጣል። ሌላም የማየው ነገር አለ፦ የእግሬን አረጋገጥ። ሕመሙን ለመሸሽ እግሬን ወደ ጎን መጣል ከጀመርኩ፣ ወይም አንዱ ጫማ ከሌላው የተለየ ድምፅ ካወጣ፣ ሕመሙ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ሩጫው አልቋል። ያነከሰ ሰው የሚጎዳው የታመመውን እግር ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው ዳሌና ጉልበትም ዕዳውን ይካፈላሉ።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የምመለስበት አንድ ውድድር አለ፦ ጥቅምት 1968 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን። ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ። አበበ ቢቂላ ሮምን በ1960፣ ቶኪዮን በ1964 አሸንፎ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቷል። በቶኪዮ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ሮጦ 2:12:11 ገባ፣ በወቅቱ የዓለም ፈጣኑ ሰዓት። በሜክሲኮ ደግሞ እግሩ ተጎድቶ ነበር የጀመረው። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ።

ያው ሰው ነው። ወኔውን ማንም አይጠረጥርም። በቶኪዮ ከሕመም ጋር ገፋ፣ በሜክሲኮ ከሕመም ጋር አቆመ። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ቀን በጨመረ ቁጥር እየዳነ የሚሄድ ነበር፤ የተጎዳው እግር ግን እርምጃ በጨመረ ቁጥር የሚብስ። አቅጣጫቸው ይለያያል። ከሕመሙ መጠን ይልቅ አቅጣጫውን ማየት ያስተማረኝ ይህ ታሪክ ነው። ማሞ ወልዴም በዚያው ቀን ቀጥሎ፣ 2:20:26 ገብቶ ወርቁን ወሰደ።

ከማሞ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሲመሽ፣ የታንዛኒያው ጆን ስቲቨን አክዋሪ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ እያነከሰ ስታዲየም ገባ። በመንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱንና ትከሻውን ተጎድቶ ነበር። 3:25:27፣ 57ኛ፣ ከጨረሱት የመጨረሻው። ያንን ምስል ሳይ እንባዬ ይመጣል፤ የሠራውም ልክ አልነበረም ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። አንድ ሰው አገሩን ወክሎ፣ ምናልባት በሕይወቱ አንዴ በሚያገኘው ቀን፣ ዋጋውን አውቆ ሊከፍል ይችላል። ስህተቱ እኔ ጋ ነበር፤ ያንን ምስል ልቤ ውስጥ ሰቅዬ ማክሰኞ ጠዋት በማደርገው ልምምድ ላይ ሥራ ላይ ማዋሌ። ማክሰኞዬን ባቋርጠው ማንም አይጎዳም። ሐሙስ አለ።

አሁን ለድርድር የማይቀርቡትን ቶሎ ብዬ ልበል፤ እነሱ ላይ መመራመር አያስፈልግምና። ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ እየሮጡ ራስን መሳት፣ ከተለመደው ውጭ የሆነ የትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ሥርዓት የሚዘል የልብ ምት፦ ወዲያው ማቆምና ወደ ሕክምና መሄድ። ትኩሳት ሲኖር አለመሥራት፤ ቫይረስ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል፣ በዚያ ላይ ልብን ማስጨነቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻ አብጦ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ የተበጣጠሰ ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ። በሙቀት ውስጥ ደግሞ ንግግሩ የተዘበራረቀ፣ የሚንገዳገድ፣ የት እንዳለ የማያውቅ ሯጭ ካያችሁ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ አስቁሙት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት፣ እርዳታ ጥሩ። ይህን ውሳኔ ለሱ አትተዉለት፤ የሚወስንበት አእምሮው ነው የተጎዳው። በ1984 በሎስ አንጀለስ በመጀመሪያው የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን ስዊዘርላንዳዊቷ ጋብሪኤላ አንደርሰን ሺስ የመጨረሻውን ዙር በአምስት ደቂቃ ከምናምን እየተንገዳገደች ስትጨርስ ዓለም አይቷል። ሐኪሞቹ አጠገቧ ሆነው ይከታተሏት ነበር፤ ላብ እያላባት መሆኑን አይተው ነው የፈቀዱላት። 37ኛ ወጣች፣ አገገመችም። እኛ ብቻችንን ስንሮጥ ግን አጠገባችን ሐኪም የለም።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ይህን ሁሉ መሥራት ነበረብኝ። ማክሰኞ ስድስት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር በፍጥነት መሮጥ ነበረኝ። አራተኛው ላይ ሁሉ ነገሬ "ተይው" አለኝ። ዝቅ አደረግኩ፤ ዱብ ዱብ እያልኩ ጠበቅኩ። እግሬ ላይ የሚጠቆም ነገር አልነበረም፣ የልብ ምቴ በጊዜው ወረደ፣ አረጋገጤ እኩል ነበር። አምስተኛውን ሮጥኩ። ስድስተኛው ከሁሉም ፈጠነ።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ረዥሙን ሩጫ ወጣን። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከቀኝ ተረከዜ ከፍ ብሎ የሆነ ነገር ገተረኝ። ዝቅ አልኩለት፤ አልተመለሰም። ቆሜ በአንድ እግሬ ሦስት ጊዜ ዘለልኩ፤ በሦስተኛው ወጋኝ።

"ትንሽ እኮ ነው የቀረን፤ ቀስ እያልን እንጨርሰው" አለችኝ።

"አንቺ ሂጂ። እኔ በእግሬ እመለሳለሁ።"

ስድስት ኪሎ ሜትሩን ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ሯጮች እየመጡ አለፉኝ፤ ሁለቱ "አይዞሽ" አሉኝ። እልህ ሊይዘኝ ሲል ተሰምቶኛል፤ መንገዱ ሲረዝም ተወኝ። እሑድ ጠዋት ከአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ቀስ ብዬ መሬት አስነካሁ፣ ተነሣሁ፣ አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ጠበቅኩ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና ርቀትና ሰዓት በምጽፍበት መስመር ላይ "ቀኝ ተረከዝ፣ ጠዋት፣ ሕመም 3 ከ10" ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ 2 ነበር። ዛሬ ጠዋት 1።